ያሰፋሁት ቀሚስ

የሚስቴን ቀሚስ ጎኑን ፈትቼ እንደገና አሰፋሁት። ሆዷ የነፍሰ ጡር መስሏል፤ ልጅ ግን የለበትም። የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆኗል።

«ሐኪም ቤት እንሂድ፤ ጉበትሽ ነው» አልኳት።

«አንተ ልብስ ሰፊ ነህ ወይስ ሐኪም? ይልቅ መርፌህን ያዝ» ብላ ሳቀችና ብርጭቆዋን ሞላች።

ለምኛታለሁ፣ ተቆጥቻታለሁ፣ ጠርሙስ ደብቄባታለሁ። አንዱም አልሆነልኝም። ተንበርክኬ ያበጠ እግሯን ያዝኩና፣ «በቃ፣ ሕመምሽን ለኔ ያድርገው» አልኳት። ልጅ ሆኜ ትኩሳት ሲይዘኝ እናቴ እንዲህ ትለኝ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት በሚስቴ ዘፈን ነቃሁ። ቀሚሱ ሰፍቷት ከትከሻዋ ይንሸራተታል። የዓይኗ ቢጫ ጠፍቶ ነጩ ወተት መስሏል።

«አንተዬ፣ ይሄን ድንኳን መልሰህ አጥብብልኝ እንጂ!» አለችኝ።

ከደስታ ብዛት እንባዬ መጣ። ዘልዬ ተነሣሁና ሱሪዬን ለበስኩ። ሆዴ ላይ አልቆለፍ አለኝ። እግሬም ጫማው ውስጥ አልገባ አለ።

«በል እንግዲህ፣ ለጤናችን!» አለችና ብርጭቆዋን አነሣች።

«ተይ፣ እባክሽ!»

እሷ ስትውጠው የኔ ጉሮሮ ተቃጠለ።