አንቺና እርስዎ

ወጣቱ በቴሌግራም የሚያሻሽጠው የጉልበት ቅባት የራሱ አይደለም፤ እሱ በሚልከው ሊንክ ገብቶ የሚገዛ ሲገኝ ግን ኮሚሽን አለው። ስለዚህ በየጠዋቱ አንድ አንድ እየሄዱ ሰውን በሊንክ እስከ መግዣው ገጽ የሚያደርሱ ሰባት የቴሌግራም መልእክቶች አዘጋጀ። ለሙከራ ከሚልክላቸው ሴቶች ግማሾቹን «እንዴት አደሩ? ጉልበትዎን ያምዎታል?» አላቸው፤ የቀሩትን «እንዴት አደርሽ? ጉልበትሽን ያምሻል?»

በሳምንቱ ሲያይ፣ እርስዎ ከተባሉት አንዲትም ሊንኩን የነካች የለም። አንቺ ከተባሉት ግን አስካለ የምትባል አንዲት ሴት የሰባቱንም መልእክቶች ሊንክ ተጭናለች፤ ዋጋው ጋ ስትደርስ ትመለሳለች። ምን እንደሚመልሳት ሊጠይቅ ደወለ። ስልኩን ያነሱት ከድምፃቸው ሰባ ዓመት ያለፋቸው የሚመስሉ እናት ነበሩ።

«እማማ፣ ቅባቱን ምነው ሳይገዙት ቀሩ?»

«ጉልበቴስ ደህና ነው ልጄ። አንቺ የሚሉኝ ባለቤቴ ብቻ ነበሩ፤ ካረፉ ሦስት ዓመታቸው። በጠዋት ‹እንዴት አደርሽ?› ስትለኝ፣ ሰላምታ ዝም አይባልም ብዬ ነው የምጫነው።»



«ይቅርታ እማማ፣ ስላስቸገርኩዎት...»

«ውይ» አሉ እማማ አስካለ። «አንተም እርስዎ ማለት ጀመርክ?»