የኮርኒሱ እባብ

የጋራዡ ባለቤት የቤንዚኑን ጀሪካን ሲከፍት፣ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ መሰላሉን ጨብጦ መቆሚያ መቀመጫ አጣ። ቤቱ ጋራዥ ከመሆኑ በፊት የከተማው አይሁዶች ጸሎት ቤት ነበር። የፈጣሪ ስም ያለበት ወረቀት አይጣልም ብለው ያረጁ መጻሕፍታቸውን፣ የልደትና የጋብቻ ጽሑፋቸውን ሁሉ ኮርኒሱ ውስጥ ያኖሩ ነበር። ከእነሱ የቀረው ልብስ ሰፊው ብቻ ነው። ወረቀቱን ማንም እንዳይነካበት፣ “እዚያ ላይ ጥጃ የሚውጥ እባብ አለ” እያለ አገሩን ሲያስፈራራ ኖሯል። ዛሬ ባለቤቱ ቤቱን ሊያፈርስ ነውና፣ አስቀድሞ እባቡን በእሳት ሊጨርሰው ተነሣ።

“እባብ የለም! ስቀድ ነው የኖርኩት!” ብሎ ጮኸ ልብስ ሰፊው።

“አይ ጋሼ፣ ልጅ ሆኜ ጅራቱን አሳይተውኝ የለ እንዴ?”

“የአባቴ ቀበቶ ነበር!”

ሜካኒኮቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ያመነው ግን አልነበረም። “እንግዲያው እጅዎን ይክተቱና ያሳዩን” አለ ባለቤቱ።

ልብስ ሰፊው መሰላሉን ወጣ፤ እጁንም በኮርኒሱ ቀዳዳ እስከ ብብቱ ከተተ። ጣቶቹ የወረቀቱን ክምር ነኩ። ወዲያው አንድ ቀዝቃዛ ነገር ከክምሩ ሥር ተንሸራቶ፣ ቀስ ብሎ ክንዱ ላይ ተጠመጠመ። ቁልቁል ሲያይ ሁሉም አንጋጠው ይጠብቁታል።

“ወረቀት ብቻ ነው” አለ ፈገግ ብሎ፤ “ጀሪካንህን ክደን፣ ልጄ።”