የደምለው ስድስት ጎራሽ

ከዚህ ወሬ አንዲት ቃል ብዋሽ ምላሴ ይቆረጥ!

ከወገባቸው ሽጉጥ የማይለያቸው ግራዝማች ውብነህ «ስድስት ጎራሽ ላልታጠቀ ልጄን አልሰጥም» ብለው ስለማሉ፣ ደምለው የሚወዳትን ልጃቸውን እንዳያጣ መሰናዳት ጀመረ። መጀመሪያ ከጎሽ ቀንድ እጀታ አስጠረበ፤ በላዩም የብር አንበሳ አስለጠፈበት። ቀጥሎ ቀይ የቆዳ አፎት አሰፋ፤ ዛጎል አስደረደረበት፤ ዘርፍ አስንጠለጠለበት።

«ሽጉጡስ የታል?» አለው ቆዳ ሰፊው።

«አፎት ውስጥ የገባ ነገር ማን ያየዋል፣ ወንድሜ?»

በሠርጉ ቀን እጀታው ከአፎቱ ብቅ ብሎ ሲያብረቀርቅ አገር ጉድ አለ። ደምለውም ደረቱን ነፍቶ ተንጎማለለ። የሙሽሪት ወንድሞች ግን በሩን ዘግተው «በል ሙሽራው፣ እህታችን ያለ ተኩስ አትወጣም!» ብለው ወጥረው ያዙት። እሱ «ነገ እተኩሳለሁ» ቢል ማን ይስማው? አንደኛው እጁን ልኮ መዥረጥ ሲያደርገው እጀታው ብቻ ወጣ።

ግራዝማች ጠጋ አሉና፣ የራሳቸውን አፎት መታ መታ እያደረጉ «አይዞህ ልጄ፣ የእኔም ውስጡ ጭድ ነው» ብለው በጆሮው ሹክ አሉት።

እውነቱን ለመናገር፣ «በጆሮው ሹክ አሉት» ያልኩትን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ዳስ ሙሉ ሰው እየሰማ ነው የተናገሩት።