የሚሰምጠው እንጨት

ማርሊስ ሆቭላንድ ዐሥራ አንድ ዓመት አራተኛ ክፍል ካስተማረች በኋላ፣ ልጆች እንዴት እንደሚማሩ ልትማር ዩኒቨርሲቲ ገባች። የመማር ሳይንስ ይሉታል፤ ማስተርስም ይሰጥበታል። ሚኒሶታ ያለው ትምህርት ቤቷ የፈቀደላት አንድ ዓመት ብቻ ነው። እስከ ግንቦት ዲግሪዋን ይዛ ካልተመለሰች፣ ቃል የተገባላት የሥርዓተ ትምህርት ኃላፊነት ለባልደረባዋ ለኬንት ይሰጣል። ኬንት ደግሞ ልጅ የሚባል ፍጥረት የማይወድ ሰው ነው።

ጥናቷን የምትሠራው ዩኒቨርሲቲው ለተመራማሪዎቹ ብሎ ባቋቋመው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። የዚያ ልጆች ካሜራ አይገርማቸውም። እንግዳ ሰው ወረቀት ታቅፎ ሲገባ እንደ ፖስተኛ ነው የሚያዩት።

ጥያቄዋ ቀላል ነበር፤ ምን ይሰምጣል፣ ምን ይንሳፈፋል? ያላትም አንድ ገንዳ ውሃ፣ ትንሽ ሚስማር፣ ትልቅ የእንጨት ጉማጅና የሸክላ ጭቃ ነው። መጀመሪያ ልጁን ትፈትነዋለች። ካላወቀ፣ ለሁለት ሳምንት ከእሷ ጋር የጭቃ ጀልባ እየሠራ ውሃ ላይ ይለቃል፤ አንድም ነገር አታስረዳውም። ከዚያ እንደገና ትፈትነዋለች። ልጅ ሳይነገረው በእጁ ይማራል፤ ልታስመሰክር የፈለገችው ይህንን ነው። የመጣ ልጅ ሁሉ ሲወጣ ተለጣፊ ኮከብ ይሰጠዋል።

መጀመሪያ የገባው ሩፈስ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል።

“እንጨቱ ይንሳፈፋል፣ ሚስማሩ ይሰምጣል” አለ እጁን ኪሱ ከትቶ። “ጭቃው ድቡልቡል ከሆነ ይሰምጣል፤ ሳህን ከመሰለ አይሰምጥም። ጀልባውን መቼ ነው የምንሠራው?”

“አንተማ ጨርሰህ ታውቀዋለህ፣ የኔ ጎበዝ። ወደ ክፍልህ ተመለስ።”

መማርን የሚያጠኑ ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት የሚያውቅ ልጅን ነው።

“አሁን እኮ ሂሳብ ነው” አለ ሩፈስ።

“እንግዲያው ፈጠን በል።”

ሩፈስ ኮከቡን ተቀበለ፤ በር ላይ ሲደርስ ገንዳውን አንድ ጊዜ ዞሮ አየና ወጣ።

ከእሱ በኋላ የመጣው ልጅ ሁሉ፣ ደግነቱ፣ ምንም የሚያውቅ አልሆነም። ሁሉም ራሱን ያካል፤ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ ከዚያ “ትልቁ እንጨት ይሰምጣል” ይላል። ማርሊስ ራስ ማከኩን ወደደችው። ማሰብ ማለት ይኼ ነው ብላ ቪዲዮውን ደጋግማ አየችው። ኢንጋ የምትባለው ትንሽ ልጅ ፈተናውን ጥርግ አድርጋ ወደቀች፤ በማግስቱ የመጀመሪያ ጀልባዋን ስትለቅ ግን ጀልባዋ እንደ ዳክዬ ቀጥ ብላ ሄደች። እጅ ከአፍ ይቀድማል፤ ማርሊስ ይህንንም ወደደችው።

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ሁሉም በትክክል መለሱ። አንድ እንኳ የተሳሳተ የለም። ኢንጋማ ግንባሯን መታ አድርጋ “አሃ፣ አሁን ገባኝ” አለች።

ፕሮፌሰር ኦስትራንደር ውጤቱን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

“እንዲህ የጠራ ነገር በሥራ ዘመኔ አላየሁም።”

“አመሰግናለሁ፣ ፕሮፌሰር።”

“ምስጋናውን ተዪው። ልጆችን አውቃቸዋለሁ፤ ሁልጊዜ አንዱ ይሰንፋል፣ አንዱ ጭቃውን ይበላል። እዚህ ውስጥ ግን አንድ ሰው መልስ እየነገራቸው ነው። ከጎረቤት ክፍል አዲስ ልጆች ውሰጂና ድገሚው። እዚያም መልስ ከሾለከ፣ ይኼ የመመረቂያ ጽሑፍ ሳይሆን መጋዘን የሚጣል ወረቀት ነው።”

ማርሊስ በቀጥታ ወደ ክፍሉ አስተማሪ ወደ ዶሎረስ ሄደች።

“እኔ ልነግራቸው?” አለች ዶሎረስ። “እኔ መቀነስን አስተምሬ መቼ ጨረስኩና ነው? ይልቅ ሩፈስን ያዢው። ሰሞኑን ካፖርት መስቀያው ጋ ልጆቹን ተራ በተራ እየጠራ ያንሾካሹካል። ጃኬቱን አላየሽውም? የጄኔራል ደረት መስሏል።”

“ኮከቦቼን ለጥፎ ነው?”

“የአንቺን ነዋ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልሰጥም፤ ያባልጋቸዋል።”

ሩፈስ! ከመጀመሪያው ቀን መልሱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። በር ላይ ዞሮ ያየበት ዐይኑ ታወሳት። እንግዲህ የማርሊስን አንድ ዓመት በተለጣፊ ኮከብ እየቸረቸረው ነው ማለት ነው። ጥርሱ እንኳ ያልበቀለ ነጋዴ!

በማግስቱ ከአዲሶቹ ልጆች የመጀመሪያዋ ተፈታኝ ሶልቬይግ ነበረች። ማርሊስ ቀደም ብላ መጥታ ከካፖርቶቹ ኋላ ቆመች። የረጠበ ሱፍ ይሸታል፤ ከጓንቶቹ የቀለጠ በረዶ ጫማዋ ላይ ይንጠባጠባል። መልሱ ከልጁ አፍ ሲወጣ በጆሮዋ ከሰማች ዘልላ ትይዘዋለች፤ አፉን ታስዘጋዋለች፤ አዲሶቹ ልጆች ሳይበከሉ ጥናቷ ይተርፋል። ኬንትም ባለበት ይቀራል።

ሁለት ጥንድ ቦት ጫማ እየተንሿሿ መጥቶ ከካፖርቶቹ ፊት ቆመ። “ኮከቡን ስትወጪ ታመጪልኛለሽ” የሚል ሹክሹክታ ተሰማ። ማርሊስ ትንፋሿን ያዘች።

“መጀመሪያ ራስሽን እከኪ” አለ ሩፈስ፤ “ከዚያ ጣሪያውን እዪ፤ ከዚያ ትልቁ እንጨት ይሰምጣል በዪ፤ ካወቅሽ ወደ ሂሳብ ነው የምትመልስሽ።”