የጨረር ድርሻ

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሳይዘንብ አለፈ። የእርዳታ ስንዴ ቆልተን በላን፤ ጠጠር ነበረበት። የመንደሩ ጥርስ ተሰባበረ፤ የእኔም መንጋጋ አበጠ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ስንዱ ጨረር የሚከለክለውን የእርሳስ ሽርጧን አጥብቃ በእጅ የሚያዘውን የጥርስ ራጅ መሣሪያ ደገነችብኝ። መሣሪያው ጨረሩ ወደ ነርሷ እንዳይመለስ የሚከልለውን ክብ መከለያውን ፈተሸ፣ የእሷን አቋቋም ፈተሸ፣ ከዚያ ተናገረ፦ «አባት፣ የዕድሜ ልክ የጨረር ድርሻዎ አልቋል።»

በሕጉ ሰው ሲወለድ የጨረር ድርሻ ይሰጠዋል። ሲያልቅበት ከሌላ ሰው ይለምናል። ያለ ራጅ ጥርስ መንቀል ክልክል ነው። ለደኅንነታችን ሲባል መንጋጋችን ይበሰብሳል።

የእኔን የጨረሰው የሚስቴ ወንድም አይቸው ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት የወርቅ ጥርስ ያስተከለ ጊዜ ድርሻዬን ተውሶኝ፣ ወርቁን በራጅ እያስነሣ ለአማቶቹ ሲያሳይ ከረመ። ዛሬ አንድም ጥርስ የለውም፤ ቂጣ በሻይ አርሶ ይበላል። እያሳለ ተከትሎኝ መጥቶ ነበር።

«ከእኔ ውሰጂለት» አላት።

«ጋሽ አይቸው፣ የቀረዎት ለአንድ ራጅ ብቻ ነው። ይህ ሳል ደግሞ የደረት ራጅ ይፈልጋል።»

«ደረቴ ሲስል ይሰማኛል። ፎቶው ምን ያደርግልኛል?»

«ወርቁም ስታኝክበት ይሰማህ ነበር» አልኩት።

«ተናገር፣ ተናገር! መንጋጋህ ከተዘጋ ማን ይሰድበኛል?»

ስንዱ ድርሻውን ወደ እኔ አዛወረችና ጨረር እንዳይነካው ብላ ከክፍሉ አስወጣችው። አፌን ከፈትኩ። መሣሪያው ጢጥ አለ። የሠላሳ ዓመቱ ብድር ተመለሰ፤ ከበሩ ውጭ የአይቸው ሳል ቀጠለ።