ከሣሩ ወዲያ

«ይነሡ አባ፤ ልለፍ!»

ዘካሪያስ ገጀራውን እንደያዘ ነው። አባቱ ጋሽ ወርቅአፈራሁ በቦዩ ዳር ባለችው ቀጭን መንገድ ላይ፣ እሱው ፊት ተንበርክከዋል። በሁለት እጃቸው ሣር ይዘዋል። በጋሞ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ቁጣ እዚያው ይቆማል፤ አልፎት የሄደ ሰው እዚህ ጫኖ ውስጥ አላየሁም። አባት ለገዛ ልጁ ሲንበረከክ ግን፣ ሠላሳ ዓመት ስኖር ዛሬ ገና ማየቴ ነው።

እኔን ለምን እንደጠሩኝ እንጃ። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ፤ ጎንደር ተወልጄ እዚህ ሸበትሁ። ሽማግሌ ነው ብለው ጠሩኝ፣ እኔ ግን የሙዝ ግንድ ተደግፌ ከዳር አያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት ጎረቤታቸው አበበ በውሃ ተራ ተጣልቶ የዘካሪያስን ታናሽ ወንድም፣ ናትናኤልን፣ በአካፋ መትቶ ገደለው። ታሰረ። በአዲስ ዓመቱ ምሕረት ተፈትቶ ትናንት ቤቱ ገባ። ቤቱ ያውና፣ ከቦዩ ማዶ ጣራው ይታያል።

«አበበ ሰባት ዓመት ታስሮ ወጣ» ይላል ዘካሪያስ። «ናትናኤል ከመቃብር መቼ ነው የሚወጣው?»

አባትየው ከማለዳ ጀምሮ እዚያው ናቸው። አሁን ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ የያዙት ሣር ጠውልጎ በጣታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

ዘካሪያስ ወደ እኔ ዞረ።

«መምህር ገብረእግዚአብሔር! የኃጥአን ቅጣት ማብቂያ የለውም፣ ዘላለማዊ ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም? እግዜር ራሱ የማይምረው ሰው ካለ፣ እኔ ምን ቤት ነኝና ነው የምምረው? ከእግዜር ልብለጥ?»

ወይ ጉድ! አስተምሬያለሁ እንጂ። በልጅነቱም ጠይቆኝ ነበር፤ «ጌታ መሐሪ ከሆነ ገሃነም ለምን አስፈለገ?» ብሎ። እኔም ከመጽሐፍ ጠቅሼ፣ ግዕዙን አሳምሬ አፉን አስዘጋሁት። ልቡ ዘንድ ግን አልደረስሁም። ያኔ ያላገኘውን መልስ ዛሬ ገጀራ ይዞ ይጠይቀኛል።

«መምህሩን ተዋቸው» አሉ ጋሽ ወርቅአፈራሁ። የሚናገሩት በጋሞኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ ልንገራችሁ። «እኔን ጠይቀኝ። ይሄን ሣር አልፎ የሚሄደውን ሰው ምን እናደርገዋለን?»

«ምንም።»

«ምንም። አንመታው፣ አናስረው። ግን ልጄ፣ ከአባትህ ወዲያ ማን ይንበረከክልሃል? ጌታ በጸሎተ ሐሙስ ዝቅ ብሎ የይሁዳን እግር አጠበ። እያወቀ አጠበው። ይሁዳም በታጠበው እግሩ ተነሥቶ ጥሎት ወጣ። አምላክ ተንበርክኮለት ያለፈ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ የሚለምነው ከየት ይመጣል? ገሃነም እዚያ ነው። ከሣሩ ወዲያ።»

«ታዲያ ለምን አያጥረውም?» ጮኸ ዘካሪያስ። «ሁሉን ቻይ አይደለም? መንገዱን ለምን አይዘጋውም?»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። በዚያች ሰዓት፣ በስመ አብ!

«እኔስ ልዘጋብህ ብፈልግ ገመድ ይዤ አልመጣም ነበር? አጎቶችህን ጠርቼ ከዚህ ማንጎ ጋር አስርህ ነበር። በገመድ የሚቆመው ግን በሬ ነው፤ ልጅ አይደለም። ስለዚህ ሣር ያዝሁ። ሣር የያዘን ሰው ማለፍ ይቻላል። ባይቻልማ ልመናዬ ምኑ ልመና ነው?»

አፈርሁ። ደስም አለኝ፤ ሁለቱም አንድ ላይ ሆነብኝ። ያን ሁሉ መጽሐፍ አገላብጬ ያላገኘሁትን ነገር ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬ ጭቃ ላይ ተንበርክከው ነገሩኝ። እንዲህ ያለ ሰው በዘመኔ ስላሳየኝ፣ ተመስገን አልሁ።

«አበበስ?» አለ ዘካሪያስ። ድምፁ ተሰብሯል። «እሱስ እንዲሁ ይቅር?»

«ለአበበም ጌታ ተንበርክኳል። ማለፍ አለማለፉ የእሱ ፈንታ ነው። የናትናኤል ደም ባለቤት አለው፤ አይረሳም፤ ለዚያ አትስጋ። እኔ የምፈራው ላንተ ነው።» አንገታቸውን ቀና አድርገው ልጃቸውን አዩት። «አንዱን ቀበርሁት። እሱን ሳርፍ አገኘዋለሁ ብዬ ተስፋ አለኝ። አንተ ይሄን ካለፍህ ግን የት ብዬ እፈልግሃለሁ?»

የዘካሪያስ ፊት በላብ ይሁን በእንባ ርሷል። አንድ እግሩን አነሣ። ገጀራውም ከፍ አለ። እኔ ፈሪው ዓይኔን ጨፈንሁ፤ «አቤቱ!» ከማለት በቀር ምንም አልመጣልኝም።

ገጀራው ሲወርድ ሰማሁት። ደግሞ ወረደ።

ዓይኔን ስገልጥ ዘካሪያስ ከቦዩ አፍ ላይ ጎንበስ ብሎ እርጥብ ሣር ያጭዳል። እጁ እስኪሞላ አጨደ። ገጀራውን እዚያው ጭቃው ላይ ጥሎ መጣና አባቱ ፊት ተንበረከከ። የደነዘዙ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እያላቀቀ የጠወለገውን አወጣ፤ ትኩሱን አስያዛቸው።

«ደርቆብዎት ነበር እኮ፣ አባ» አለ።

ከሣሩ የሚንጠባጠበው ውሃ በክንዳቸው ወርዶ፣ ከሥር የደገፋቸውን የልጃቸውን እጅ ያርሰዋል።