ግንብ ቤት አልፈልግም

ደላላውና ሴትዮዋ የሚከራይ ቤት ፍለጋ ከጠዋት ጀምሮ እግራቸው እስኪቀጥን ዞሩ። በየቤቱ ሻሿን እስከ አገጯ እንደተከናነበች ትገባና «ውጭ ቁም፤ በሩን ዝጋና ስማኝ» ብላው ከውስጥ ትጮሃለች።

«ጭጭ ነው፣ እትዬ!» ይላታል ደላላው ደስ ብሎት። «ግንብ ስለሆነ ድምፅ አያሳልፍም።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ።»

ሦስተኛውንም ቤት እንዲሁ «ይቅርብኝ» ስትል ትዕግሥቱ አለቀ። «ሰው ሁሉ ጸጥታ ይፈልጋል። እርስዎ ምን ዓይነት ተከራይ ነዎት?»

«እንዲህ ዓይነት። ሌላ አሳየኝ።»

በመጨረሻ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ከጎረቤት በኮምፔርሳቶ ብቻ የተለየ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ወሰዳት። ገባች፤ በሩን ዘጋችና «ኡኡ!» አለች።

ሁለተኛውን ሳትደግመው የጎረቤት ሴት ዘነዘናዋን እንደያዘች በሩን በርግዳ ገባች።

«ማን ነው የነካሽ?»

«ኧረ ቤት እያየን ነው!» አለ ደላላው ከኋላዋ እየተርበተበተ።

ሴትዮዋ ሻሿን ፈታችው። ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ ድረስ የተሰፋ ቁስል ነበር።

«ዛሬስ ማንም አልነካኝ፣ እህቴ» አለቻት። «የድሮው ቤቴ ግን ግንብ ነበር።»

ወደ ደላላው ዞረች።

«ቁልፉን ወዲህ በል።»